በመሳቢያ የተረሳ ገመድ፤ ጀማሪዎች በሊኑክስ የዩኤስቢ በር

ከሲያትል መሀል ከተማ ወደ ሬንተን የሚያመራው 106 ቁጥር አውቶቡስ ከሬይኒየር ቢች ዳገቱን ወጥቶ ስካይዌይ ይደርሳል። ስካይዌይ በሲያትልና በሬንተን መካከል ያለ፣ ወደ ሁለቱም ከተሞች ያልተጠቃለለ፣ በቀጥታ በኪንግ ካውንቲ የሚተዳደር ሠፈር ነው። ቁልቁል ሲወርዱ፣ በዋሽንግተን ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ፣ ቦይንግ 737 አውሮፕላኖቹን የሚገጣጥምበት ፋብሪካ ይገኛል። ከሐይቁ ማዶ፣ በሬድመንድ፣ የማይክሮሶፍት ዋና መሥሪያ ቤት አለ። ይህን ያህል ግዙፍ ምህንድስና በዙሪያው ቢኖርም፣ እኔን ወደ ስካይዌይ የወሰደኝ ጉዳይ በአንድ የቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የሚያልቅ ነበር፤ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ሰማያዊ ገመድና አንድ የተጫጫረ ሲዲ።

ገመዱና ሲዲው ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ዲሽ ሲተክሉ የኖሩ፣ አሁን በአውሮፕላን ማረፊያ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ አባት ናቸው። የወንድማቸው ልጅ «ጋሼ» ስለምትላቸው እኛም ጋሼ አልናቸው። እርሷ በኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች የኮምፒውተር ተማሪ ናት። አራተኛው ሰው በመጋዘን ሠራተኝነት የሚተዳደር፣ ፕሮግራም መጻፍ ከኢንተርኔት የተማረ ወጣት ነው። እኔ የምህንድስና ትምህርቴን በባዕድ አገር ስከታተል ከሊኑክስ ከርነል ጋር ትንሽ ስለተዋወቅኩ፣ ለዘገባ ብሄድም ቀስ በቀስ ከሠራተኞቹ እንደ አንዱ ሆንኩ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የገለልተኛ ታዛቢ አይደለም።

በሳተላይት የሚከታተሉን ተመልካቾች ሰማያዊውን ገመድ ሳያውቁት አይቀሩም። በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው ባለ ዘጠኝ እግር የድሮ ሲሪያል መሰኪያ አለው። ሪሲቨር ሲበራ መነሻው ላይ ተገትሮ አልንቀሳቀስ ሲል፣ የዲሽ ባለሙያው ላፕቶፑን ይዞ ይመጣና ሶፍትዌሩን እንደገና የሚጭንለት በዚህ ገመድ ነበር። ሲዲው ደግሞ የገመዱ ድራይቨር ነው። ጋሼ እንደሚሉት ገመዱ ከጠፋ መርካቶ ሌላ ይገኛል፤ ሲዲው ከጠፋ ግን ሥራ የለም።

ላፕቶፑ ከአንድ ቢሮ የተጣለ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ የዚህ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ደግሞ ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው መካከል የለም። ያለበለዚያ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ሊኑክስ ተጫነበት፤ በመንገደኛ እጅ ወደ ደሴ ሊላክም ታሰበ። እዚያ የጋሼ ሌላው የወንድም ልጅ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አለው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ላፕቶፑ የሱቁን ዕቃዎች ያውቃቸዋል ወይስ አያውቃቸውም? ካላወቃቸው፣ የሲያትልን ቆሻሻ በአውሮፕላን አሳፍሮ ደሴ ማራገፍ ነው።

ጋሼ ሲዲውን በእጃቸው እንደያዙ ገመዱ ተሰካ። ላፕቶፑ ሲዲ አልጠየቀም። የተሰኩ ዕቃዎችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ ሲጻፍ በማያ ገጹ ላይ ሁለት ቁጥሮች ወጡ፤ 0403 እና 6001። ገመዱ ሠራ። ጋሼ ሲዲውን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ተሸከምኩት የሚል በሚመስል ፊት ዝም አሉ። ልጅቱ ግን ዝም አላለችም፤ ማን ነው ለዚህ ማሽን ስለዚህ ገመድ የነገረው አለች።

ለጥያቄዋ መልስ ለመስጠት ከርነል ምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። ከርነል የሥርዓተ ክወናው እምብርት ነው፤ ፕሮግራሞችንና የኮምፒውተሩን አካላት የሚያገናኘው እርሱ ነው። የሊኑክስ ከርነል ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሲሆን፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ዛሬ በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ያለው እርሱ ነው፤ የኢንተርኔቱ አብዛኛው ሰርቨርም በእርሱ ይሠራል። ድራይቨር ደግሞ የአንድን ዕቃ ቋንቋ ለከርነሉ የሚያስተረጉም ኮድ ነው። በሊኑክስ አብዛኞቹ ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብረው ስለሚኖሩ፣ ገመዱን ያወቀው ድራይቨር ከመጀመሪያውም ላፕቶፑ ውስጥ ነበር።

ዩኤስቢ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የተመኘው ማንኛውም ዕቃ በአንድ ዓይነት ቀዳዳ እንዲገባ ነው። ዕቃው ሲሰካ ኮምፒውተሩ ከ1 እስከ 127 ባለው መካከል አንድ አድራሻ ይሰጠውና ማንነቱን ይጠይቀዋል። ዕቃው በ18 ባይት ይመልሳል። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ባይት የአምራቹ ቁጥር፣ ሁለት ባይት ደግሞ የምርቱ ቁጥር ነው። ከርነሉ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዞ የድራይቨሮቹን ዝርዝር ያገላብጣል፤ የሚገጥም መስመር ሲያገኝ ድራይቨሩን ጠርቶ ዕቃውን ያስረክበዋል። የዩኤስቢ ዕቃ ሳይጠየቅ አይናገርም። እንደ ድሮ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ የኔታ ካልጠሩት አፉን አይከፍትም። መዳፊቱን ስናንቀሳቅስ ወዲያው የሚናገር የሚመስለን ኮምፒውተሩ በየጥቂት ሚሊሰከንዱ «ምን አዲስ ነገር አለ?» እያለ ስለሚጠይቀው ነው።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የዩኤስቢ ቁልፍ ሰሌዳ ፊደል አያውቅም። እንግሊዝኛው «ኤ» ያለበት ቁልፍ ሲጫን ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ፊደሉ ሳይሆን 4 የሚል ቁጥር ነው፤ ቀጥሎ ያለው «ቢ» 5 ነው። ቁጥሩ «አ» ይሁን «ኤ» የሚወሰነው ከድራይቨሩ በላይ ባለው ክፍል ነው። ስለዚህ ለግዕዝ ፊደል የተለየ የቁልፍ ሰሌዳ ድራይቨር አላስፈለገም። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ ሦስተኛ እትም የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ቶርቫልድስም ለሊኑክስ አዲስ የዩኤስቢ ኮድ የጻፈው በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት መግጠማቸው አጋጣሚ ቢሆንም እኔን ያስደስተኛል።

ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። ልጅቱ የገመዱን ድራይቨር ኮድ ከፈተች። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ግን ትልቁ ክፍል ኮድ አይደለም፣ ዝርዝር ነው። ከላይ እስከ ታች የአምራችና የምርት ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ የሕክምና መሣሪያ፣ የአየር ሁኔታ መለኪያ፣ የሬዲዮ መገናኛ፣ የባቡር መጫወቻ መቆጣጠሪያ። ብዙዎቹን መስመሮች የጨመሩት ድራይቨሩን የጻፉት ሰዎች ሳይሆኑ፣ ዕቃውን ገዝተው አልሠራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በዚህ ዝርዝር ስንወርድ ወጣቱ አንድ እንግዳ ቁጥር አየ። የአምራቹ ቁጥር ያው 0403 ነው፤ የምርቱ ቁጥር ግን 0000።

የዚህ ዜሮ ታሪክ በዓለም ተወርቷል። በዚህ ዓይነት ገመድ ውስጥ የሚገኘውን ቺፕ የሚሠራው ኤፍቲዲአይ የተባለ የስኮትላንድ ኩባንያ ነው። ቺፑ በጣም ስለተፈለገ አስመሳዮች በብዛት ሠሩት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል የተሠራጨው የኩባንያው አዲስ ድራይቨር የተጭበረበረ ቺፕ ሲያገኝ የምርት ቁጥሩን በራሱ በቺፑ ማኅደር ውስጥ ወደ ዜሮ ይለውጠው ጀመር። ከዚያ በኋላ ዕቃው ማን እንደሆነ መናገር አይችልም፤ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቢሰካ ለእርሱ የሚሆን መስመር የለም። ኩባንያው ከብዙ ቁጣ በኋላ በዚያው ወር ድራይቨሩን ከማሻሻያው አነሣ። አስመሳዮቹ ሌቦች ስለነበሩ የኩባንያው ቅሬታ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ቅጣቱ ያረፈው በሌባው ላይ ሳይሆን፣ ገመዱን ከሱቅ በገንዘቡ የገዛው፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበት መንገድ ያልነበረው ሰው ላይ ነው። መርካቶ የገዛ ሰው ይህን ይረዳል።

የሊኑክስ ምላሽ ያ ያየነው መስመር ነው። አንድ ፕሮግራመር በዚያው ወቅት 0403 እና 0000 የሚል ጥንድ ወደ ዝርዝሩ እንዲጨመር ላከ፤ ተቀባይነትም አገኘ። ስሙ የተነጠቀ ዕቃ ስም እንደሌለው ሆኖ ተመዘገበና ሥራውን ቀጠለ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ደሴ ውስጥ ያን ዓመት ያለ ምክንያት የሞቱ ገመዶችን ያስታውሳሉ።

እንዲህ ያለ ትንሽ ማስተካከያ ከማንም ሊመጣ መቻሉ ለዚህ የከርነል ክፍል እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ የዩኤስቢውን ክፍል በኃላፊነት የሚመራው ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ራሱ ወደ ከርነሉ የገባው በ1990ዎቹ መጨረሻ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚያገናኙ ዕቃዎችን ድራይቨር በመጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሊኑክስ ጆርናል በተባለው መጽሔት አንዲት በዩኤስቢ የምትሠራ ባለ ቀለም መብራት ይዞ ጀማሪ እንዴት ድራይቨር እንደሚጽፍላት ደረጃ በደረጃ አስተማረ፤ ያ የመማሪያ ድራይቨር ወደ ከርነሉ ገብቶ ለዓመታት ኖረ። በሚቀጥለው ዓመት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው የሊኑክስ ድራይቨሮች መጽሐፍ ሦስተኛ እትም በነፃ ይነበባል፤ እኔም የተማርኩት ከእርሱ ነው። መጽሐፉ አርጅቷል፤ ምሳሌዎቹ በዛሬው ከርነል ላይ እንዳሉ አይሠሩም። የዩኤስቢው ምዕራፍ መሠረተ ሐሳብ ግን ዛሬም ይጠቅማል።

ሲያትልም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 ማይክሮሶፍት የሀርድዌር መሐንዲሶችን ጉባኤ እዚህ ከተማ ባካሄደበት ሰሞን፣ የሊኑክስ ሰዎች እግር በእግር ተከትለው «ፍሪደም ሄክ» የተባለ የራሳቸውን ትንሽ ስብሰባ ጠሩ። ዓላማው ለአምራቾች ዕቃቸው በሊኑክስም እንዲሠራ ማድረግ ከባድ አለመሆኑን ማሳየት ነበር። በጥር 2007 ደግሞ ክሮህ-ሃርትማን ለዓለም ኩባንያዎች ሁሉ ግብዣ አቀረበ፤ ስለ ዕቃችሁ መረጃ ስጡን፣ ድራይቨሩን በነፃ እንጽፍላችኋለን። እንሥራ የሚሉ ፕሮግራመሮች ከየአገሩ ጎረፉ። የታጣው ዕቃ ነበር፤ ጸሐፊ በዝቶ የሚጻፍለት ጠፋ።

ይህ ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ስለ ክፍት ምንጭ ሥራ ስናወራ የሚጎድለን ዕውቀት እንደሆነ አድርገን እናስባለን፤ ሊቃውንቱ እዚያ ናቸው፣ እኛ እዚህ። የዩኤስቢ ድራይቨር ግን በሊቅ ብቻ አይሠራም። የክፍሉ ኃላፊ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ደሴ ገበያ የሚሸጠውን ስም የለሽ ዕቃ በእጁ አልያዘም፤ ቁጥሩን አያውቅም፤ ሲሰካ ምን እንደሚል አልሰማም። የሚያውቀው ዕቃውን የገዛው ሰው ነው። በዚህ ሥራ ዕቃው በእጅ መኖሩ ራሱ የመግቢያ ፈቃድ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከማንበብ ወደ መጻፍ ተሸጋገርን። ከከርነሉ ኮድ ውስጥ ለጀማሪ ሆን ተብሎ የተቀመጠ አንድ ድራይቨር አለ፤ ስሙ ሲተረጎም «የዩኤስቢ አጽም» ማለት ነው። ሥጋ የለውም፤ ለየትኛውም ዕቃ የተሠራ አይደለም። ቁጥሩን ለውጠው የራስዎን ዕቃ ይሰጡታል። ልጅቱ 0403 እና 6001 ብላ ጻፈች፤ ነባሩን ድራይቨር አስወጥተን የእርሷን አስገባንና ገመዱን ሰካነው። በከርነሉ መዝገብ ላይ ዕቃው መያያዙን የሚገልጽ አንድ መስመር ወጣ። ለማያውቅ ሰው ምንም አይደለም። እርሷ ግን ሁለት ጊዜ ነቅላ ሁለት ጊዜ ሰካችው፤ መስመሩ ሁለት ጊዜ መጣ።

ቀጥሎ ከገመዱ ለማንበብ ሞከርን። በሌላው ጫፍ ምንም አልተሰካም፤ ሆኖም ሁለት ባይት እየደጋገመ መጣ። ወጣቱ ገመዱ ተበላሽቷል ብሎ ደመደመ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተከራከርን በኋላ መልሱን ያገኘነው በነባሩ ድራይቨር ኮድ ውስጥ ነው። ይህ ቺፕ በሚልከው እያንዳንዱ ጥቅል መጀመሪያ ላይ ስለ መስመሩ ሁኔታ የሚናገሩ ሁለት ባይቶችን ያስቀድማል፤ መልእክት ባይኖርም እነርሱን ይልካል። ነባሩ ድራይቨር ሁለቱን እየለየ ያነሣቸዋል፤ አጽሙ ግን ይህን አያውቅም። ድራይቨር ጽሑፍ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ የረቀቀ ሒሳብ ሳይሆን የአንድን ዕቃ ጠባይ መልመድ።

ከዚያ ላፕቶፑ ደረቀ። ልጅቱ በአጽሙ ውስጥ ካሉት መስመሮች ጥቂቱ ለምን እንዳስፈለጉ ስላልገባት አውጥታቸው ነበር። ፕሮግራሙ እያነበበ ሳለ ገመዱን ነቀለችው። ማያ ገጹ ባለበት ቆመ፤ መዳፊቱም ቁልፍ ሰሌዳውም አልሰማ አሉ። ያወጣቻቸው መስመሮች ዕቃው ከተነቀለ በኋላም እየተጠቀመበት ያለ ፕሮግራም መኖር አለመኖሩን የሚቆጥሩ ነበሩ። ቆጣሪው ሲጠፋ ከርነሉ የተለቀቀ የማስታወሻ ቦታ ላይ መጻፉን ቀጠለ። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ራሱ ይሞታል፤ በከርነል ውስጥ ያለ ኮድ ሲሳሳት ቤቱን ይዞ ይወድቃል።

ጉዳቱ ከመድረቅ አያልፍም ብሎ መገመት ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 የጉግል ተመራማሪ አንድሬ ኮኖቫሎቭ በሊኑክስ የዩኤስቢ ድራይቨሮች ውስጥ ያገኛቸውን 14 የደኅንነት ጉድለቶች ይፋ አደረገ። ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ዕቃን በመሰካት ብቻ ማሽኑን መጣል፣ አንዳንዴም ከዚያ የባሰ ማድረግ ይቻል ነበር። ድራይቨሩ ዕቃው እውነቱን ይናገራል ብሎ ስለሚያምን፣ ዕቃው ሲዋሽ ግራ ይጋባል። የከርነሉ ሰዎች ለጀማሪ ኮድ ፊታቸው የሚኮሳተረው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅቱ ያን ቀን የሰረዘቻቸውን መስመሮች በቃሏ ያዘቻቸው።

ሦስተኛው ቅዳሜ የደሴው ነው። በስካይዌይ ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን ደሴ መሽቷል፤ የጋሼ የወንድም ልጅ ሱቁን ዘግቶ በቴሌግራም ቪዲዮ ቀረበ። ችግሩ ዶንግል ነው። በሱቁ የሚጠቀምበት የ4ጂ ዶንግል ሣጥኑ ላይ የአምራች ስም የለውም። በራሱ አሮጌ ኮምፒውተር ሊኑክስ ጭኖ ቢሰካው ኢንተርኔት አላመጣም።

ዶንግል የተጠቀመ ሁሉ አንድ ነገር ያስታውሳል፤ ሲሰካ መጀመሪያ የሚታየው የሲዲ ምልክት ነው። ይህ የአምራቾች ብልሃት ነው። ዶንግሉ ሲዲ ነኝ ብሎ ይገባና የዊንዶውስ ድራይቨሩን ከሆዱ ያወጣል፤ ድራይቨሩ ሲጫን መልኩን ለውጦ ሞደም ይሆናል። በሊኑክስ ግን የሚጭነው ስለሌለ ሲዲ እንደሆነ ይቀራል። ለዚህ ዶንግሉን ካባውን እንዲያወልቅ የሚነግር ከከርነሉ ውጭ ያለ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ እርሱ ሠራ። ዶንግሉ ሞደም ሆነ፤ ቁጥሩም ተለወጠ። አዲሱ ቁጥር ግን በሞደሞቹ ድራይቨር ዝርዝር ውስጥ የለም። ከሁለት ሺህ መስመር በላይ በሆነው በዚያ ፋይል ውስጥ ዜድቲኢም ሁዋዌም በየገጹ አሉ፤ የደሴው ዶንግል የለም።

እዚህ ላይ ሁሉም ጀማሪ ሊያውቀው የሚገባ አንድ መንገድ አለ። ከርነሉን ከመለወጥ በፊት፣ በሥራ ላይ ያለን ድራይቨር ይህንንም ቁጥር ያንተ ነው ብሎ ለጊዜው መንገር ይቻላል፤ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይረሳል፤ ስለዚህ ለሙከራ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ወጣቱ ትእዛዙን ፊደል በፊደል በቴሌግራም አነበበለት። ደሴ ላይ ጻፈው። ከዚያ ወደ ሞደሙ «ኤቲ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ላከ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በሄይስ ሞደም የጀመረ፣ ዛሬም ሞደሞች ሁሉ የሚረዱት ሰላምታ ነው። ዶንግሉ «ኦኬ» ብሎ መለሰ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው ስልኩን ከልጁ እጅ ወሰዱና ደሴን ራሳቸው ጠየቁ፤ በርግጥ መለሰ? መለሰ።

ልጅቱ በዚያው ሰሞን ማስተካከያውን አዘጋጀች፤ አንድ መስመር ነው። አንድ መስመር መላክ ግን አንድ መስመር መጻፍ አይደለም። ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ የሚያስረዳ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ስለ ራሱ የሚናገረው ሙሉ መግለጫ አብሮ ይያያዛል፤ ከታች ደግሞ ላኪው ሥራው የራሱ እንደሆነ ወይም ለመላክ መብት እንዳለው የሚያረጋግጥበት የፊርማ መስመር ይገባል። ይህ ፊርማ ከ2004 ጀምሮ ግዴታ ነው። ሁሉም ያለ ቅርጽ፣ በተራ የኢሜይል ጽሑፍ ይላካል። እኔ ተማሪ ሳለሁ የላክሁት የመጀመሪያ ማስተካከያ ተመልሶብኛል፤ የኢሜይል ፕሮግራሜ የኮዱን የመስመር መግቢያዎች ወደ ተራ ክፍተት ለውጧቸው ኮዱ አልገጥም ብሎ ነበር። ያፈርኩትን ያህል ሌላ ቀን አፍሬ አላውቅም። ስለዚህ ልጅቱን መጀመሪያ ወደ ራሷ ላኪው፣ ከራስሽም ተቀብለሽ ሞክሪው አልኳት።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ፤ አጭር ነው፤ ቁጣም ሙገሳም የለበትም። የክፍሉ ገምጋሚ መግለጫውን አንብቦ አንድ ስሕተት አግኝቷል። ዶንግሉ አንድ ዕቃ ቢመስልም በውስጡ አምስት መስመሮች አሉት፤ ሦስቱ የትእዛዝና የሞደም፣ አንዱ ኔትወርክ፣ አንዱ የማስታወሻ ካርድ ማንበቢያ። ልጅቱ ለድራይቨሩ ዕቃውን ያለ ልዩነት ስለሰጠችው ኔትወርኩንም ጠቅልሎ ይወስደዋል። እርሱ ለሌላ ድራይቨር መተው አለበት፤ ያኛው ድራይቨር ደግሞ በሌላ ክፍል፣ በኔትወርኩ ዘርፍ ሥር ነው፤ እዚያም የራሱን መስመር ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱ ማስተካከያ ሁለት ሆነ፤ ተቀባዮቹም ሁለት። ደሴ ላይ «ኦኬ» ያለን ዶንግል ኢንተርኔት ያላመጣበት ምክንያትም ይኸው ነበር፤ እኛ በደስታ ውስጥ ስለነበርን አላየነውም። ገምጋሚው ዶንግሉን በዓይኑ ሳያይ ከጽሑፍ ብቻ አየው።

አንዳንድ ጀማሪ እንዲህ ያለ መልስ ሲደርሰው ይሰበራል። የከርነሉ ዓለም በደረቅ አነጋገሩ ለብዙ ዘመን ሲታማ ኖሯል፤ ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ኃይለ ቃሉ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ገለል ማለቱ ይታወሳል። ልጅቱ ግን መልሱን ያነበበችው በአትኩሮት ነው፤ ሲጨርስ የተቀጠረችበት ፈተና እንዳለ ሁሉ ወደ ኮዱ ተመለሰች። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሰውየው ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው ወይ? አንዳንዱ በኩባንያ ተቀጥሮ፣ አንዳንዱ በትርፍ ጊዜው እንደሚሠራ ነገርናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሁለተኛው ሙከራ እንደገና በደሴ ተካሄደ። የኔትወርኩ መስመር ለትክክለኛው ድራይቨር ሲተው ዶንግሉ አድራሻ አገኘ፤ ገጽ ተከፈተ። አሁን የቀረው በማስተካከያው ግርጌ የሚጻፈው ሌላ መስመር ነው። በከርነሉ ልማድ ዕቃውን በእጁ ይዞ የሞከረ ሰው ስሙና የኢሜይል አድራሻው ከጸሐፊው ስም ጋር ይመዘገባል። ልጅቱ የራሷን ብቻ ለመጻፍ አልፈለገችም፤ የሞከረው የአጎቷ ልጅ ነው። እርሱ ግን ቴሌግራም እንጂ ኢሜይል አይጠቀምም፤ የነበረውን አድራሻ የይለፍ ቃሉን ከረሳው ቆይቷል።

ይህን ስጽፍ ሁለተኛው ማስተካከያ ገና አልተላከም፤ ከደሴ የሚመጣውን አድራሻ ይጠብቃል። ስሙን በላቲን ፊደል በአንድ «ኤስ» ይጻፍ በሁለት የሚለውም አልተቆረጠም፤ በመታወቂያው ላይ ያለውና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ተለያይተዋል። መንገደኛው የሚበረው ሐሙስ ነው። ላፕቶፑ በሹራብ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል፤ ሰማያዊው ገመድም አብሮ አለ። ጋሼ ሲዲውንም ጨምረው ነበር፤ ልጅቱ አወጣችው።